ላሟን ማን አስሮጣት?

ባለፈው ሰሞን የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ተላከ። ጠፍጣፋ ባርኔጣ ያደረገ፣ ፊቱ የማይፈታ ወጣት ይሄዳል። ከኋላው ላም ትከተለዋለች። ሁለቱም ይሮጣሉ። ሩጫ እንኳን አይባልም፣ ይንቀጠቀጣሉ። ላሟ ፍየል ነው የምትመስለው። ጥቁርና ነጭ የነበረው ሥዕል ቀለም ተቀብቷል፤ ምድረ በዳው ብርቱካን፣ ሰማዩ እንደ አዲስ ፕላስቲክ ባልዲ ሰማያዊ ሆኗል። ላዩ ላይ የሰዎች ሳቅ ተለጥፎበታል። እኛም የሳቅ ምልክታችንን ላክን።

አክስቴ ግን አልሳቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩና «ይቺ ላም አሟታል» አሉ። «ጤነኛ ላም እንዲህ አትራመድም።»

ልክ ነበሩ። ላሟ ግን አልታመመችም። የታመመው ቅጂው ነው።

ቪዲዮው የተቆረጠው «ጎ ዌስት» ከሚባል ድምፅ አልባ ኮሜዲ ነው። «ወደ ምዕራብ ሂድ» እንደ ማለት። ባስተር ኪተን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ተውኖበት በ1925 ለእይታ በቃ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚያና እዚህ እያመሳከርኩ ከምዞር ብዬ ነው።) 70 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከብት፣ አቧራ፣ ኮርቻና ባቡር ያለበት የገጠር ፊልም ነው።

ልደቱን ላከብርለት አይደለም የተነሳሁት። የዘመኑ ፊልሞች አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው እያበቃ በየዓመቱ በነጻ እየተለቀቁ ነው። በነጻ ስለተለቀቁም ማንም እንዳሻው ይቆርጣቸዋል፣ ይቀባቸዋል፣ ያስሮጣቸዋል። መቆረጡም መቀባቱም ይጎዳል። የገጠሩን ኮሜዲ ጨርሶ የሚገድለው ግን ማስሮጡ ነው። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ቀልድ ያለው መዝገም ላይ ነዋ።

እስቲ ፊልሙን ልተርከው። ያላየው ካለ ይቅርታ፣ መጨረሻውንም እናገራለሁ። መቶ ዓመት ምስጢር ጠብቀናል፣ ይበቃል።

የኪተን ገጸ ባሕርይ ስም እንኳን የለውም። ፊልሙ «ወዳጅ የለሽ» እያለ ነው የሚጠራው። ያለችውን ጥቂት ዕቃ ሸጦ፣ የእናቱን ፎቶ ይዞ ይወጣል። ትልቅ ከተማ ገብቶ ሥራ ቢፈልግ አያገኝም፤ መንገደኛው እንደ ጎርፍ ጠርጎ ነው የሚወስደው። በጭነት ባቡር ተደብቆ ወደ ምዕራብ ይሄድና አንድ ከብት እርባታ ላይ ይቀጠራል። ስለ ከብት ግን ምንም አያውቅም።

ላም እለብ ይሉታል። ባልዲውን ከላሟ ሥር ያስቀምጥና ይጠብቃል። ወተቱ በራሱ ጊዜ የሚመጣ መስሎት። ላሟም ትጠብቃለች፣ እሱም ይጠብቃል። ቀልዱ ያ ጥበቃ ነው። ሌላ ምንም የለውም። ግማሹን ሰከንድ ብትቀንሱለት ባልዲ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ማዕድ ላይም እንዲሁ ነው። እሱ ደርሶ ሲቀመጥ ሌሎቹ ጨርሰው ይነሳሉ። እሱም አብሮ መነሳት አለበት። ሁልጊዜ ከሰው አንድ እርምጃ የዘገየ ሰው ነው። ሽጉጥ ያስፈልጋል ሲሉት ሴቶች በቦርሳ የሚይዟት ዓይነት ትንሽዬ ሽጉጥ አግኝቶ ትልቅ አፎት ውስጥ ይከታታል። ጥልቅ ውስጥ እየገባች እጁ ስለማይደርስባት በክር አስሮ እየጎተተ ያወጣታል። ጠላት ቢመጣ፣ ክሩን እስኪጎትት ቆይ ሊለው ነው።

ከዚያ ላሟ ትመጣለች። ስሟ ብራውን አይስ ነው፣ «ቡናማ ዓይን»። ወተት እምቢ ብላ ከሌሎቹ ጋር ወደ መስክ የተባረረች ላም ናት። ስታነክስ ያያትና ሰኮናዋ ውስጥ የተሰነቀረውን ድንጋይ ያወጣላታል። እሷም ውለታ አትረሳም፣ ኮርማ ሊወጋው ሲል ታድነዋለች። ከዚያ በኋላ አይለያዩም። ቀንድ ስለሌላት ሌሎቹ እንዳይንቋት የአጋዘን ቀንድ ራሷ ላይ ያስርላታል። በጋለ ብረት ምልክት ይደረግባት ሲባል አንጀቱ እምቢ ይለዋል። የጢም ሳሙና ቀብቶ ምልክቱን ጸጉሯ ላይ በምላጭ ይላጭላታል። ይኼን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር፣ በኛ አገር ሰውን «ከብት!» ብሎ መስደብ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባኛል።

ባለቤትየው ከብቶቹን ለቄራ ሊሸጥ ነው። ወዳጅ የለሽ ደመወዙን ይዞ ላሟን ልግዛ ይላል፣ አይበቃም። ቁማር ይገባል። አንዱ ሲያጭበረብር ይይዘውና ይናገረዋል። ሰውየው ሽጉጥ ደቅኖ «እንዲህ ስትለኝ እየሳቅክ በል» ይለዋል። ኪተን ደግሞ ፊልም ላይ ባለመሳቅ የሚታወቅ ተዋናይ ነው። ምን ያድርግ? በሁለት ጣቶቹ የከንፈሩን ጫፎች ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ቀስ ብሎ። ይኼም እንደ ባልዲው ጊዜ የሚፈልግ ቀልድ ነው።

በመጨረሻ ባቡሩ ላይ አደጋ ተጥሎ ሠራተኛው ሁሉ ይበተናል። አንድ ሺህ ሰንጋ እሱ ብቻውን ይዞ ሎስ አንጀለስ ይገባል። ከብቶቹ ከተማውን ይወሩታል። ጸጉር ቤት ይገባሉ፣ የልብስ መደብር ይገባሉ፣ መታጠቢያ ቤት ይገባሉ። የከተማው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። እሱ ደግሞ ከብት ቀይ ነገር ይከተላል ብሎ የሰይጣን ልብስ ለብሶ፣ ቀንድና ጭራ አውጥቶ ከፊታቸው ይሮጣል። ፖሊስም ይከተለዋል። የበዓል ዋዜማ የአዲስ አበባን አስፋልት ከበግና ከሰንጋ ጋር ተጋፍቶ ለተሻገረ ሰው ይኼ ትዕይንት ልብ ወለድ አይመስለውም። እኛ እንዲያውም ያን ያህል አንደነግጥም።

ባለቤትየው ከኪሳራ ስለዳነ «ቤቴም ያለኝም ሁሉ ያንተ ነው፣ የፈለግከውን ጠይቅ» ይለዋል። እሱም ወደ ኋላው እያመለከተ «እሷን ነው የምፈልገው» ይላል። የሰውየው ቆንጆ ልጅ እዚያው ቆማለች። አባትየው ልጄን ነው ብሎ ያስባል። ልጅቷም እንደዚያው። ላሟን ነበር።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ገጠሬ በፊልም ሲቀለድበት ይኼ መጀመሪያው አልነበረም። በ1902 የኤዲሰን ኩባንያ አንድ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር፤ አዘጋጁ ኤድዊን ፖርተር ነው። አጎት ጆሽ የሚባል ባላገር ሲኒማ ሊያይ ይገባል። ባቡር ሲመጣ ያይና የሚደፈጥጠው መስሎት ይሸሻል። ቀጥሎ ወንድና ሴት ሲዳሩ ያይና ተናዶ መጋረጃውን ይቀደዋል። ቀልዱ ይኼ ብቻ ነው፤ ባላገር ነው፣ አይገባውም። በከተማ አማርኛ አንድ ቃል ይበቃዋል፣ ፋራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው በዚያው በድምፅ አልባው ዘመን ነበር። ይኼን ታሪክ እየሳቅን ነው የምናወራው፣ ልክ እንደ አጎት ጆሽ። እኔ ግን ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ። ጨለማ ቤት ውስጥ ነፍስ የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ አይቶ «ሰይጣን» ያለ ሰው ነገሩን ከኛ ይልቅ በደንብ አይቶታል።

አሜሪካኖቹ ስለ ፋራ ፊልም ማየት የወደዱበት ምክንያት ነበራቸው። በ1920ው የሕዝብ ቆጠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ከተሜ ተብሎ ተመዘገበ፤ 51 ከመቶ አካባቢ። ከተማ የተባለው 2,500 ሰውና ከዚያ በላይ የሚኖርበት ቦታ ሁሉ ነው፣ ያን ያህል አይደነቅም። ቢሆንም አገሩ ተገልብጧል። ሲኒማ ቤት ተቀምጦ በባላገሩ የሚስቀው ሰው ብዙ ጊዜ ትናንት የመጣ ባላገር ነበር። ወይ አባቱ ነበሩ። አራዳ ነኝ የሚል ሁሉ ከየት እንደመጣ እናውቃለን መቼም።

ሠሪዎቹም ያው ነበሩ። ኪተን የተወለደው ካንሳስ ውስጥ ፒኳ በምትባል ሚጢጢ መንደር ነው፤ ተዋናይ ወላጆቹ እየዞሩ ትርዒት ሲያሳዩ። አለቃውና አስተማሪው ሮስኮ አርባክልም የካንሳስ ልጅ ነው። መነጽራሙ ሃሮልድ ሎይድ ነብራስካ ውስጥ ነው የተወለደው። ሎይድ በ1927 የሠራው «ዘ ኪድ ብራዘር» ሙሉ በሙሉ የገጠር ቤተሰብ ታሪክ ነው። ለንደን ላይ ያደገው ቻፕሊን ሳይቀር በ1919 «ሰኒሳይድ»ን ሠርቶ ላም ጠብቋል። (ከሥራዎቹ መሃል ደካማው ይመስለኛል። ላም ጥበቃ ከተሜ አያምርበትም።)

ኪተን ያደረገው ለውጥ ትንሽ ትመስላለች። የእሱ ሰው ዝግተኛ ነው እንጂ ጅል አይደለም። ዓለም ፈጥናበት ነው። ከተማው ይፈጥናል፣ ካውቦዮቹ ይፈጥናሉ፣ ማዕዱ ይፈጥናል። በእርምጃ የምትስማማው አንዲት ፍጡር ላሟ ብቻ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ፊልሙ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም። የፍቅር ታሪኩ ይኼው ነው፣ እርምጃ መግጠም።

እንግዲህ ይኼን ሰው አስሩጡት። ከሁሉም ሰው እኩል ፈጣን ሆነ። ከላሟም ጋር፣ ከካውቦዮቹም ጋር። ምን ቀረ?

ለመሆኑ ድሮ ሰዎች ፊልም ላይ ለምን እንደዚያ ይንቀጠቀጣሉ? ብዙ ሰው ፊልሙ ሲሠራም እንዲያ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም።

ፊልም ማለት ተከታታይ ፎቶ ነው። ድምፅ ከመጣ ወዲህ በሰከንድ 24 ፎቶ ተብሎ ተወሰነ። ምክንያቱ ድምፁ ነው፤ ፍጥነቱ ከተዛባ ድምፁም ይዛባል። ከዚያ በፊት ግን ካሜራውን የሚያዞረው የሰው እጅ ነበር። በሰከንድ 16 ይሁን፣ 18 ይሁን፣ 20 ይሁን፣ በካሜራው ሰው ክንድ ይወሰናል። ሲኒማ ቤት ውስጥም ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ እንደ ሁኔታው ያፈጥናል፣ ያዘገያል። አንዳንዱ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልግ ይሆናል።

በ18 የተቀረጸን ፊልም በ24 ብታሳዩት አንድ ሦስተኛ ይፈጥናል። የ60 ደቂቃው ፊልም በ45 ደቂቃ ያልቃል። በ16 የተቀረጸው ደግሞ በ40 ደቂቃ። ቴሌቪዥን የድሮ ፊልሞችን ማሳየት ሲጀምር ብዙ ጊዜ እንደዚያው ለቀቃቸው። ለትውልድ ድሮ ማለት የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆነ።

ኪተን ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፣ በእውነቱ። በ1925 ፕሮጀክተሮች ወደ 24 ተጠግተው ነበር። ኮሜዲ ሠሪዎችም ትንሽ እንዲፈጥን አስበው ሆን ብለው ካሜራውን ያዘገዩ ነበር። ስለዚህ «ጎ ዌስት» በ24 ሲታይ ከሕይወት በመጠኑ የፈጠነ ነው፤ ያ መጠን ግን የሠሪው ምርጫ ነው። ወጥ ሠሪ በርበሬ መጥኖ እንደጨመረ ቁጠሩት። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ማንኪያ ሲጨምር ነው። አጭር ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ በአንድ ደቂቃ እንዲያልቅለት እጥፍ ያፈጥነዋል። የአክስቴን ላም ያሳመማት ይኼ ነው።

አዲሱ ጣጣ ደግሞ ማሽኑ ነው። አሁን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የድሮ ፊልም ተሰጥቶት «አሻሽለህ አምጣ» ይባላል። እሱም በሰከንድ 60 ፎቶ አድርጎ ያመጣዋል። ሒሳቡን እንሥራው። በ18 የተቀረጸ ከሆነ ከ60ው ፎቶ 42ቱ በካሜራ ፊት አልተደረጉም። ከአሥሩ ሰባቱ ማሽኑ «መሃል ላይ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የሣላቸው ናቸው። ቀለሙም እንዲሁ ግምት ነው። ጉዳዩ ለዓይን ያለሰልሳል፣ አልክድም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት፤ በተለይ የድሮ የከተማ ጎዳና ሲሆን። ኮሜዲ ላይ ግን ይሰብራል። የኪተን ፊት እንደ ድንጋይ ጸጥ ያለ ነው። ቅንድቡ ትንሽ ከተነሳ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ ደግሞ ጸጥ ያለ ነገር አይወድም። የፊልሙን ጠጠርና ብናኝ ቆሻሻ ነው ብሎ ሲጠርግ ፊቱን እንደ ሰም ያቀልጠዋል። የቆመውን ያንቀሳቅሰዋል።

ድምፅ አልባ የሚለውም ስም ትንሽ ያሳስታል። ሲኒማ ቤቱ ዝም አይልም ነበር። ፒያኖ ነበረ፣ ትልልቆቹ ዘንድ ኦርጋንና ኦርኬስትራ። ሙዚቀኛው መጋረጃውን እያየ ይጫወታል። ባልዲው ሥር ጥበቃ ሲሆን እሱም ይጠብቃል። አሁን የሚለጠፈው ሙዚቃ ግን ፊልሙን አያይም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጭራ ቀረሽ ሩጫ ነው።

«ምን አለበት? ዋናው ቅጂ የትም አይሄድ» የሚል አይጠፋም። ይሄዳል። አብዛኛው ሄዷል።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ1912 እስከ 1929 ድረስ የተሠሩ 10,919 የአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞችን ቆጠረ። ሙሉ ሆነው፣ በመጀመሪያው መጠናቸው የተገኙት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው። 70 ከመቶ ያህሉ የሉም። ይኼ አጫጭሮቹን ኮሜዲዎች ሳይጨምር ነው።

የጠፉበት ምክንያት ብዙ ነው። የዘመኑ ፊልም የተሠራበት ናይትሬት ከባሩድ ዘመድ ነው። አንዴ ከተያያዘ ውኃ ውስጥም ይነዳል፤ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ያመነጫላ። ባይነድም እየበሰበሰ ዱቄት ይሆናል። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ መጋዘን ተቃጥሎ የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ አመድ ሆኑ። «ጎ ዌስት»ን ያከፋፈለው የኤም ጂ ኤም መጋዘንም በ1965 ነዷል። ዩኒቨርሳል ደግሞ እሳት እንኳን አልጠበቀም፤ በ1948 የቀሩትን ድምፅ አልባ ቅጂዎቹን ራሱ አስወገደ። ቦታ ያጣብባሉ፣ ማንም አያያቸውም፣ ውስጣቸው ያለው ብር ተነጥሮ ይሸጣል። የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ እኔም በዚያ ወንበር ብቀመጥ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

የገጠር ኮሜዲ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የመጀመሪያው ተሸናፊ ነበር ባይ ነኝ። ርካሽ ነው፣ ትልቅ ስም የለውም፣ ፋሽኑ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ቻርልስ ሬይን ማን ያውቀዋል? ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ የገጠር ልጅ ሆኖ በመተወን ከአሜሪካ ትልልቅ ኮከቦች አንዱ ነበር። ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደ፣ ዓይን አፋር፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የሚጠፋው ልጅ። በ1921 የሠራው አንድ የገጠር ፊልም ጭራሽ ጽሑፍ የለበትም፤ ሙሉ ታሪኩ በፊትና በእጅ ነው የሚተረከው። ከዚያ የባላገር ልጅ መባሉ ሰለቸውና በ1923 የራሱን ገንዘብ አፍስሶ ትልቅ የታሪክ ፊልም ሠራ። ከሰረ። በ1943 ሲሞት ተረስቶ ነበር። ፋራውን አውልቆ አራዳ ሲለብስ ሁለቱንም አጣ።

የአርባክልም ዕጣ ያው ነው። እሱና ኪተን በ1919 «ዘ ሄይሲድ» ብለው አንድ የገጠር ኮሜዲ ሠርተዋል፤ ቃሉ በነሱ ቋንቋ ፋራ ማለት ነው። አርባክል ኋላ በአንዲት ተዋናይት ሞት ተከሰሰ። በ1922 ፍርድ ቤት ነጻ ቢለውም ፊልሞቹ ከየሲኒማ ቤቱ ተለቀሙ። በ1918 የሠራው «ዘ ኩክ» ጠፍቷል ተብሎ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ በ1998 ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ።

የተረፈው የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ዳር ላይ። በ1978 ካናዳ ውስጥ፣ ዶሰን ሲቲ በምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ፣ መሬት ሲቆፈር 533 ጥቅልል ፊልም ወጣ። ከተማዋ የፊልም ማከፋፈያው መንገድ ማለቂያ ነበረች። ፊልሙ ሌላ ከተማ ታይቶ፣ ታይቶ፣ ታይቶ በመጨረሻ እዚያ ይደርሳል። መመለሻ የማጓጓዣ ሒሳብ የሚከፍል የለም። በ1929 የድሮ መዋኛ ገንዳ ሲደፈን ፊልሞቹን ከአፈር ጋር አብረው ቀበሯቸው። በረዶው ጠበቃቸው። የሆሊውድ መጋዘን ያልጠበቀውን የገጠር በረዶ ጠበቀው።

ኪተን ግን ዕድለኛ ነው። የድሮ ቤቱን ኋላ የገዛው እንግሊዛዊው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን ግቢው ውስጥ የኪተንን ፊልሞች አገኘ። ሰውየው በሕይወት እያለ ሥራዎቹ እንደገና ታዩ። በ1966 ነው የሞተው፤ ስለዚህ ጭብጨባውን ሰምቷል። ጣልያን፣ ቦሎኛ የሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ፊልሞቹን ከተለያዩ አገሮች ቅጂ እየሰበሰበ፣ እያመሳከረ ሲያድስ ቆይቷል። ትርፍራፊ ከመሰብሰብ ይልቅ ብራና ማመሳከር ይመስላል። አንዱ ቅጂ ላይ ያለ ሦስት ሰከንድ ሌላው ላይ የለም።

አሁን የሕጉን ነገር ላንሳ፣ በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ የዚያ ዘመን ሥራ ከወጣ 95 ዓመት ሲሞላው የቅጂ መብቱ ያበቃል። ቀደም ሲል 75 ነበር፤ በ1998 ሃያ ተጨመረበት። በዚህ ምክንያት እስከ 2019 ድረስ በሩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጃንዋሪ አንድ የአንድ ዓመት ሥራ ይለቀቃል። የ1925ቱ «ጎ ዌስት» በ2021 ተለቀቀ፣ የ1927ቱ «ዘ ኪድ ብራዘር» በ2023።

እኔ ይኼን ሕግ እደግፋለሁ። ዘጠና አምስት እንኳን በዛ። ኩባንያዎቹ ባለቤት በነበሩበት ጊዜ ምን እንዳደረጉ አይተናል። ግን አንድ ነገር ይምታታል። ሕጉ የሚለቀው ፊልሙን ነው፣ ጥሩውን ቅጂ አይደለም። ጥሩው ቅጂ ያለው ለዓመታት ገንዘብና ዓይኑን ያፈሰሰ ሰው ዘንድ ነው። አዲስ ሙዚቃ ካስደረሰለት ሙዚቃው መብት አለው። ስለዚህ በሽያጭ ነው የሚሰጣችሁ። በነጻ የሚዞረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ ቅጂ፣ የቪዲዮ ካሴት ልጅ ነው። ማሽኑ «የሚያሻሽለውም» እሱን ነው።

ማንንም ለመወንጀል አይደለም። ያ አጭር ቪዲዮ ባይኖር አክስቴ ብራውን አይስን አያውቋትም ነበር። የምለው ሌላ ነው፤ ሙሉውን መፈለግ ከባድ አይደለም። አንድ ቀላል ዘዴ አለኝ። ርዝመቱን እዩ። «ጎ ዌስት» ከ68 እስከ 70 ደቂቃ አካባቢ ካልሆነ አንድ ሰው ወይ ቆርጦታል ወይ አስሮጦታል። ቀለም ከተቀባ እለፉት። ሰው ሲራመድ እዩ፣ እግሩ መሬት ከነካ ጥሩ ነው። ሙዚቃው ካናደዳችሁ ድምፁን ዘግታችሁ የራሳችሁን ክፈቱ። እኔ አንዴ በክራር አይቼዋለሁ፣ የአሪዞናው ክፍል ላይ ሲደርስ አላናደደኝም።

ደግሞ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ኪተን ራሱ ከብቶቹ እንዲሮጡ ፈልጎ ነበር። ያን የሎስ አንጀለስ ትዕይንት ሲያስበው ታላቅ ግርግር እንዲሆንለት ነበር። ሰንጋዎቹ ግን አልሮጡለትም። በጣም ቢያስደነግጣቸው እውነተኛ ሽብር ይነሳል፣ ሰው ይረገጣል። ስለዚህ ቀስ እያሉ፣ በጨዋ ደንብ፣ የሰው ሱቅ እየገቡ እየወጡ ነው ከተማዋን የወረሯት። እሱ በውጤቱ አልተደሰተም። እኔ ግን የፊልሙ ምርጥ ነገር እሱ ነው እላለሁ። ከተሜው ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ውኃ ይረጫል። ከብቶቹ ምንም አላሉም። ብራውን አይስም ብትሆን ቀረጻ አስቁማለች። ኪንግማን፣ አሪዞና አካባቢ ሙቀቱ ሰውን በሚያቀልጥበት ወቅት፣ ኮርማ ፈልጋ አልሠራም አለች። ኪተን ኋላ እየሳቀ ሲያወራው የነበረ ታሪክ ነው። ላሟን እንደ ውሻ እንድትከተለው ያሠለጠናት ራሱ ነው፣ ሌላ ላም አምጥቶ መተካት አይችልም። መጠበቅ ነበረበት። ባልዲው እንደተቀመጠ።

ባለፈው እሁድ ጥሩውን ቅጂ አክስቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩላቸው። ቡና እያፈሉ ነበር፣ መጀመሪያ አላተኮሩም። ወዳጅ የለሽ ባልዲውን አስቀምጦ ሲጠብቅ ረከቦቱን ትተው ቀና አሉ።

«ጥጃዋ የታለ?» አሉ።

«ምን?»

«ጥጃ ሳያስጠጋ ማን ታለብለታለች? እሱም እኮ ሞኝ ነው፣ ያሠሩትም ሞኞች ናቸው።»

የፈረንጅ ላም ያለ ጥጃም ትታለባለች ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ዝም ብለው አዩ። «አሁን ዳነች» አሉ፣ «አረማመዷ ተስተካክሏል።» ድንጋዩን ከሰኮናዋ ሲያወጣላት «ጎሽ» አሉት። ልጅቷን ትቶ ላሟን ሲመርጥ እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ተገቢ ምርጫ ነው የመሰላቸው።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሁሉም መኪና ተሳፍረው ይሄዳሉ። ወዳጅ የለሽና ላሟ ከኋላ አብረው ናቸው። መኪናው ራቀ፣ ፊልሙ አለቀ። አክስቴ ሲኒውን ሰጡኝና አሁንም ስክሪኑን እያዩ ጠየቁኝ።

«በኋላስ? ታለበች?»